የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት፦ በርቀት፣ በጊዜና በፍጥነት ሲሰላ

በዚህ እትም የታላላቅ ሰዎች ሕይወት የሚተረክበት አምዳችን ተራውን ለሻምበል አበበ ቢቂላ ሰጥቷል። አበበን የማያውቅ ማን አለ ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ ስሙን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሁሉም ያውቀዋል። እኛን ግን ብዕር ያስነሳን ዝናው አይደለም፤ ዶርዜ ላይ የገጠመን አንድ ችግር ነው። ስለዚህ ወደ አበበ ከመድረሳችን በፊት ትንሽ ዳገት አብራችሁን ውጡ።

ዶርዜ ላይ ምን ገጠመን?

ለማስተማር ልምምድ ከአርባ ምንጭ ተነስተን ወደ ዶርዜ ወጥተን ነበር። አገሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አባያና ጫሞ ሐይቆች ከሥር ተዘርግተው ይታያሉ፤ የዝሆን ግንባር የመሰለው የቀርከሃ ቤት በእንሰቱ መካከል ቆሟል፤ ሴቶቹ ጥጥ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ሸማ ይሸምናሉ። ከመካከላችን አንዱ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ደረሰውና ሁላችንም ተማሪ ሳለን የሠራነውን የቃላት ፕሮብሌም በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ሁለት ባቡሮች ከሁለት ከተሞች ተነስተው አንዱ ወደ ሌላው ይጓዛሉ፤ የአንዱ ፍጥነት ይህን ያህል፣ የሌላው ያን ያህል ነው፤ ከስንት ሰዓት በኋላ ይገናኛሉ የሚል ነው።

ክፍሉ ጭጭ አለ። አንዳንዱ ያገኘውን ቁጥር ሁሉ ደመረ፤ አንዳንዱ አባዛ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ጭራሽ እርሳሱን አስቀምጦ በመስኮት ያይ ጀመር። እኛም በሆዳችን ይኼ ልጅ ሒሳብ አይገባውም ብለን ፈረድንበት። ደወል ከተደወለ በኋላ ጠጋ ብለን ብንጠይቀው ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። እሱ በሚያውቀው አነጋገር ባቡር ማለት እህል የሚፈጭበት ወፍጮ ነው። ሁለት ወፍጮዎች ከሁለት ከተሞች ተነስተው እንዴት መንገድ ላይ ሊገናኙ እንደሚችሉ ሲያወጣና ሲያወርድ ነበር ክፍለ ጊዜው ያለቀው። መጀመሪያ ሳቅን፤ ቀጥሎ ግን አፈርን። ያልገባን እኛ ነበርና።

በማግስቱ ጥያቄውን ለወጥነው። ከታች ከቆላው ጥጥ የተሸከመ ሰው ዳገቱን በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ይወጣል። ከላይ ከዶርዜ ሸማ የያዘ ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። በሁለቱ መካከል 24 ኪሎ ሜትር አለ እንበል። በአንድ ጊዜ ቢነሱ ከስንት ሰዓት በኋላ ይገናኛሉ? ያ ልጅ ብድግ ብሎ አንድ መስመር ሰሌዳው ላይ አሰመረ፤ አንዱን ጫፍ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ላይ አቆመ። በየሰዓቱ 8 ኪሎ ሜትር እንደሚቀራረቡ ለማየት ጊዜ አልፈጀበትም። ያልታወቀውን ሰዓት ሀ ብንለው 3ሀ + 5ሀ = 24፣ ማለትም 8ሀ = 24፤ ስለዚህ ሀ = 3 ሰዓት። የሚገናኙትም ከታች 9 ኪሎ ሜትር ላይ ነው።

ሌላም ጉድ ነበር። አንዲት ተማሪ ሰውየው በ2 ሰዓት ደረሰ የሚለውን አንብባ ጉዞው ስንት ሰዓት እንደፈጀ ልታገኝ አልቻለችም። እሷ ምን ታድርግ? በአማርኛችን በ2 ሰዓት ሲባል ጠዋት ወይም ማታ ሰዓቱ 2 ሲል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ሰዓት ፈጅቶበት ማለትም ሊሆን ይችላል። አንዱ የሰዓት ቁጥር ነው፤ ሌላው የጊዜ ርዝመት ነው። የሒሳብ መጽሐፍ ይህን ልዩነት አይነግረንም፤ መምህሩ ነው መንገር ያለበት።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ስንወያይ አንድ ጥያቄ ተነሳ። ልጆቹን ሁልጊዜ በሰፈራቸው መንገድ ብቻ ልናመላልሳቸው ነው? አይሆንም። ከሚያውቁት ተነስተን ወደማያውቁት ልንወስዳቸው ይገባል። ለዚህም ልጆቹ ስሙን የሚያውቁት፣ ከገጠር ተነስቶ ዓለምን የዞረ፣ ሕይወቱ ራሱ በርቀትና በጊዜ የተለካ ሰው አስፈለገን። ያ ሰው አበበ ቢቂላ ሆኖ ተገኘ።

ከጃቶ እስከ ክቡር ዘበኛ

አበበ የተወለደው በሰሜን ሸዋ ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ነው። (እዚህ ላይ የምንጽፋቸው ዓመቶች በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።) የሚገርመው በዚያው ቀን በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሎምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። ልጅነቱን እንደማንኛውም የገጠር ልጅ ከብት በመጠበቅ አሳለፈ። ጎልማሳ ሲሆን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክቡር ዘበኛ ወታደርነት ተቀጠረ።

በዚያን ጊዜ የክቡር ዘበኛን ስፖርተኞች የሚያሠለጥኑት ኦኒ ኒስካነን የተባሉ ስዊድናዊ ነበሩ። የአበበን ችሎታ ለይተው ያወጡት እሳቸው ናቸው። አበበ ከሱሉልታ ኮረብቶች አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በየቀኑ ይሮጥ እንደነበር ይነገራል። ልብ በሉ፤ በቀን 20 ኪሎ ሜትር ማለት በ6 ቀን 120 ኪሎ ሜትር ነው። ሮም ላይ ዓለም በሁለት ሰዓት ያየው ነገር እዚህ አገር ማንም ሳያየው ለዓመታት የተጠራቀመ ነው።

እዚህ ላይ ቀመራችንን እናስታውስ። ርቀትን ር፣ ፍጥነትን ፍ፣ ጊዜን ጊ ካልን ር = ፍ × ጊ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ከታወቁ ሦስተኛው ይገኛል። ተማሪው ሦስት ቀመር በቃሉ እንዲያጠና ማስገደድ አያስፈልግም፤ አንዱን ከተረዳ ሁለቱን ራሱ ያወጣቸዋል።

ሮም፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ

ቀኑ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር። በማግስቱ እንቁጣጣሽ ነው። ሮም ላይ ማራቶኑ የተጀመረው አመሻሹ ላይ፣ በሮም ሰዓት፣ በእኛ አነጋገር ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ነው። አበበ ዕድሜው 28፣ የደረት ቁጥሩ 11 ነበር። የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው በልምምድ እንደለመደው በባዶ እግሩ ተሰለፈ።

በዚህ ሩጫ ውስጥ ለእኛ ለመምህራን የሚሆን አንድ ታሪክ አለ። ዋናው ተቀናቃኙ የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበር። አበበ ሰውየው 26 ቁጥርን ይለብሳል ብሎ ይጠብቅ ስለነበር በመንገዱ ሁሉ ዓይኑ 26ን ይፈልግ ነበር። ራዲ ግን የለበሰው 185ን ነው፤ አብሮት ጎን ለጎን ይሮጥ የነበረውም እሱው ራሱ ነበር። ዶርዜ ላይ ቁጥሮቹን ሁሉ የደመሩት ልጆች ትዝ አሉን። ቁጥሩን ብቻ የሚያሳድድ ሰው ከጎኑ ያለውን ነገር አያይም።

ጨለማው ሲወርድ ወታደሮች በጥንቱ የአፒያ መንገድ ላይ ችቦ ይዘው አበሩላቸው። ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ ፋሽስት ኢጣሊያ በወረራው ዘመን ነቅሎ የወሰደው የአክሱም ሐውልት ቆሞ ይታይ ነበር። አበበ ተፎካካሪውን ጥሎ ያፈተለከው እዚያ አቅራቢያ ነው። (ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው።) በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር አንደኛ ሆኖ ሲገባ ጊዜው 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ነበር፤ ይህም በዚያን ጊዜ በዓለም ከተመዘገበው ሁሉ የተሻለ ነው። ለጥቁር አፍሪካም የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ ሆነ።

አሁን ጠመኔውን እናንሳ። የማራቶን ርቀት 42.195 ኪሎ ሜትር ነው። አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነበር? እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃን 2.15 ሰዓት ብሎ ይጽፋል። ሰዓት ግን የሚከፈለው በ60 እንጂ በ100 አይደለም። 15 ደቂቃ ሩብ ሰዓት ስለሆነ ትክክለኛው 2.25 ነው። ከዚህ ጣጣ ለመዳን ሁሉንም ወደ ሰከንድ እንመንዝረው፦ 2 ሰዓት 7,200 ሰከንድ፣ 15 ደቂቃ 900 ሰከንድ፣ በላዩ 16፤ ድምሩ 8,116 ሰከንድ። ርቀቱን ወደ ሜትር ስንለውጥ 42,195። 42,195 ÷ 8,116 ወደ 5.2 ሜትር በሰከንድ ይመጣል፤ በሰዓት ሲሆን 18.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ይህን ለልጆቹ በቁጥር ብቻ ብንነግራቸው ምንም አይታያቸውም። የመማሪያ ክፍሉ 10 ሜትር ቢረዝም ግን አበበ ከጥቁር ሰሌዳው ተነስቶ የኋላው ግድግዳ ጋ የሚደርሰው በ2 ሰከንድ ውስጥ ነው። አንድ፣ ሁለት ብለው ይቁጠሩ። ከዚያም ይህንኑ ያለ ዕረፍት ከሁለት ሰዓት በላይ እንደቀጠለ ይንገሯቸው። ያን ጊዜ 5.2 ነፍስ ይዘራል።

ራዲ የገባው ከ25.4 ሰከንድ በኋላ ነው። አበበ ክሩን ሲበጥስ ራዲ ስንት ሜትር ይቀረው ነበር? የእሱም አማካይ ፍጥነት 5.2 ሜትር ገደማ ስለሆነ 5.2 × 25.4 ወደ 132 ሜትር ይሆናል። 42 ኪሎ ሜትር ተሮጦ ልዩነቱ ይህችው ናት!

የቦስተን ዳገት

አበበ ሮም ላይ ካሸነፈ ከሦስት ወር በኋላ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዦች የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ አደረጉ። አበበ በነገሩ ውስጥ ባይኖርበትም ከባልደረቦቹ ጋር ለጥቂት ጊዜ ተይዞ ተለቀቀ። ሩጫውንም ቀጠለ።

ሚያዝያ 11 ቀን 1955 ዓ.ም. አሜሪካ ቦስተን ላይ ከማሞ ወልዴ ጋር ተሰለፈ። ሁለቱ ከግማሽ መንገድ በላይ ድረስ ክብረ ወሰን በሚያሻሽል ፍጥነት መሩ። በኋላ ግን የቦስተን ዳገትና ቀዝቃዛው ነፋስ ያዛቸው። አበበ 5ኛ ሆኖ በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ጨረሰ። በሰዓት 17.5 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው።

ይህ ሽንፈት ለእኛ ከድሉ ያላነሰ ትምህርት አለው። አማካይ ፍጥነት የመንገዱን ዳገትና ቁልቁለት ደብቆ አንድ ቁጥር ብቻ ያሳየናል። ዶርዜ ላይ ልጆቹን እንዲህ ስንል ጠየቅናቸው። አንድ ሰው 12 ኪሎ ሜትር ዳገት በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ወጣ፤ በዚያው መንገድ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ወረደ። የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት ስንት ነው? ክፍሉ በአንድ ድምፅ 4.5 አለ። እውነቱን ለመናገር ከእኛም መካከል 4.5 ያለ ነበር።

እስቲ እንየው። ለመውጣት 4 ሰዓት፣ ለመውረድ 2 ሰዓት ፈጀበት፤ በድምሩ 6 ሰዓት። የሄደው 24 ኪሎ ሜትር ነው። 24 ÷ 6 = 4። መልሱ 4.5 ሳይሆን 4 ነው። ለምን? ዳገቱ ላይ የቆየው ቁልቁለቱ ላይ ከቆየው እጥፍ ነዋ። የቀርፋፋው ጉዞ ሰዓት ስለሚበዛ አማካዩን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ከአርባ ምንጭ ዶርዜ በእግሩ የወጣ ሰው ይህን ለመረዳት ቀመር አያስፈልገውም፤ ጉልበቱ ይነግረዋል። የመምህሩ ሥራ ጉልበቱ የሚያውቀውን ደብተሩ ላይ እንዲያሰፍር መርዳት ነው።

ቶኪዮ፦ አበበ ከአበበ ጋር ሲሮጥ

በ1957 ዓ.ም. የቶኪዮ ኦሎምፒክ ደረሰ። ውድድሩ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው አበበ ታመመና የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ይሮጣል ብሎ የጠበቀው ሰው ጥቂት ነበር። ጥቅምት 11 ቀን ግን ተሰለፈ፤ ይህን ጊዜ ጫማ አድርጎ ነው። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። ሁለተኛው የእንግሊዙ ባሲል ሂትሊ ስታዲየሙ ውስጥ የገባው አበበ ጨርሶ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ከቆየ በኋላ ነው፤ በመካከላቸው 4 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ነበር። አበበ የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

የቶኪዮው ጊዜ በሰከንድ 7,931 ነው፤ አማካይ ፍጥነቱም 5.32 ሜትር በሰከንድ፣ በሰዓት 19.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከሮሙ የሚበልጠው በሰከንድ በ0.12 ሜትር ነው። 12 ሳንቲ ሜትር ማለት ግማሽ ስንዝር ነው። ግማሽ ስንዝር ምን ትሆናለች ብላችሁ አትናቋት።

በሐሳባችን የሮሙን አበበና የቶኪዮውን አበበ አብረን እናሰልፋቸው። ለሮሙ ባዶ እግሩን ነውና 500 ሜትር እናስቀድምለት። የቶኪዮው ከስንት ጊዜ በኋላ ይደርስበታል? ያልታወቀውን ጊዜ በሰከንድ ሀ እንበለው። የቶኪዮው የሮጠው 5.32ሀ ነው። የሮሙ ያለበት ቦታ 5.20ሀ + 500 ነው። ሲደርስበት ሁለቱ እኩል ቦታ ላይ ናቸው። ስለዚህ፦

5.32ሀ = 5.20ሀ + 500
0.12ሀ = 500
ሀ = 4,167 ሰከንድ ገደማ

ይህም 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ተኩል ያህል ነው፤ ቦታውም 22 ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ይሆናል። ከዚያ በኋላ እየራቀው ይሄዳል። አብረው ቢነሱስ? በሁለቱ ጊዜዎች መካከል ያለው ልዩነት 185 ሰከንድ ነው። 185 × 5.2 = 962። የቶኪዮው አበበ ሲጨርስ የሮሙ አበበ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ይቀረዋል ማለት ነው። ያቺ የናቅናት ግማሽ ስንዝር ይህን ሠራች። ሸማኔ አባት ያለው የዶርዜ ልጅ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሸማ የሚያልቀው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ መወርወሪያዋ በሄደችና በመጣች ቁጥር አንድ ክር ነው የሚጨመረው።

ሜክሲኮና ሸኖ

በ1961 ዓ.ም. የሜክሲኮ ኦሎምፒክ ላይ አበበ ለሦስተኛ ጊዜ ለማሸነፍ ተሰለፈ። እግሩ ግን ታሞ ነበር። ግማሹን መንገድ ሳይደርስ አቋርጦ ወጣ። የአገሩን ስም ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.4 ሰከንድ አንደኛ ሆኖ አስጠራ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ የማሞ ጊዜ ከሮምና ከቶኪዮ ጋር ሲነጻጸር ይህ መታሰብ አለበት። ዶርዜ ከፍታው ከዚያ የሚያንስ አይደለምና ልጆቹ አየሩን ያውቁታል።

ያው ዓመት ሳይወጣ፣ በመጋቢት ወር፣ አበበ ሸኖ አካባቢ ቮልስዋገኑን ሲነዳ መኪናው ተገለበጠ። ሕይወቱ ቢተርፍም ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ አቃተው። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንድቪል ወደሚባለው ሆስፒታል ተወሰደና ወራት ቆየ። ወደ አገሩ ሲመለስም በተሽከርካሪ ወንበር ነበር።

እዚህ ጋ ስንደርስ ዶርዜ ላይ ክፍሉ በሙሉ ዝም አለ። አሁን ፍጥነቱ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዜሮ ነው ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። የአበበ ታሪክ ግን ዜሮ ላይ አላቆመም።

በበረዶው ላይ

አበበ እጆቹና ዓይኖቹ አሉኝ ብሎ ተነሳ። በ1962 ዓ.ም. እዚያው ስቶክ ማንድቪል በተካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ በውሻ በሚጎተት የበረዶ ጋሪ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አሸነፈ። ከሰሜን ሸዋ የተነሳ ሰው፣ በረዶ በሸፈነው አገር፣ እግሩ አልታዘዝ ካለው በኋላ!

እስቲ ይህንንም እናስላ። ጊዜው 4,577 ሰከንድ፣ ርቀቱ 25,000 ሜትር ነው። ፍጥነቱ 5.46 ሜትር በሰከንድ፣ በሰዓት 19.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ሮም 18.7፣ ቶኪዮ 19.2፣ ኖርዌይ 19.7። እንግዲህ በቁጥሩ ብቻ ከሄድን አበበ ከሁሉ የፈጠነው መራመድ ከተሳነው በኋላ ነው!

ይህን ስናሰላ ከመካከላችን ክርክር ተነሳ። አንደኛው ወገን ውሾቹ ናቸው የጎተቱት፣ ይህ የአበበ ፍጥነት አይባልም አለ። ሌላው ደግሞ የሁሉም ተወዳዳሪ ጋሪ በውሻ ነው የተጎተተው፣ አንደኛ የወጣው ግን እሱ ነው ሲል መለሰ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ቀመሩ ርቀቱን ለጊዜው ያካፍላል እንጂ ማን እንደጎተተ፣ በባዶ እግር ይሁን በጫማ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ይሁን በጤና አያውቅም። ይህን የሚያውቀው ታሪኩን ያነበበ ሰው ነው። ለዚህ ነው የቃላት ፕሮብሌም በቃላት የተጻፈው። ቃላቱን ዘለን ቁጥሩን ብቻ እንዲለቅም ካስተማርነው ልጁ የሚያገኘው መልስ ትክክል ቢሆንም ምን ማለት እንደሆነ አያውቀውም።

የመጨረሻው ጉዞና ለእኛ የቀረው

በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሎምፒክ አበበ በክብር እንግድነት ተጠርቶ በተሽከርካሪ ወንበሩ ሲገባ ተመልካቹ በጭብጨባ ተቀበለው። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሕዝብ በተገኘበት ተቀበረ። በዚያው ከተማ አንድ ስታዲየም በስሙ ይጠራል።

ዕድሜው አጭር ነው፤ የሮጠበት መንገድ ግን ረጅም ነው። እኛ ከዚህ ሕይወት ለማስተማር ሥራችን የወሰድነውን በአጭሩ እናስፍር፦

አንደኛ፣ ተማሪው ታሪኩን በራሱ አንደበት ይንገረን። ማን ተነሳ፣ ከየት፣ ወዴት? እዚህ ላይ ባቡሩ ወፍጮ ከሆነበት ገና ሳይጀምር እናውቃለን።

ሁለተኛ፣ መስመር ያስምር። መንገዱን ያልሳለ ሰው መንገዱን አይሄድበትም።

ሦስተኛ፣ መለኪያዎቹን አንድ ያድርግ። ኪሎ ሜትርና ሜትር፣ ሰዓትና ሰከንድ አይደባለቁ፤ 15 ደቂቃም 0.15 ሰዓት አይሁን።

አራተኛ፣ ያልታወቀውን ስም ይስጠው፤ ከዚያም ሁለቱ ነገሮች የት ላይ እኩል እንደሚሆኑ ፈልጎ የሒሳብ ዓረፍተ ነገሩን ይጻፍ።

አምስተኛ፣ መልሱን ወደ ታሪኩ ይመልሰው። ጥጥ የተሸከመው ሰው ዳገቱን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ወጣ የሚል መልስ ከመጣ፣ ቁጥሩ ቢያምርም አንድ ቦታ ተሳስተናል።

ያ ርሳሱን ያስቀመጠ ልጅ ዛሬም ከዓይናችን አይጠፋም። አንድ ቃል ቢቀየርለት ሰሌዳ ላይ ወጥቶ መስመር ያሰመረው እሱ ነው። ቃሉ ባይቀየርለት ኖሮ ሒሳብ አይገባውም ተብሎ ሊቀር ነበር። እኛ እያንዳንዳችን በሥራ ዘመናችን በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ፊት እንቆማለን። ስንቱን እንዲህ እንጥላለን? ወይስ ስንቱን እናነሳለን? ይህ ስሌት ገና አልተሠራም፤ ያልታወቀው ሀ በእጃችን ነው።

ለአንባቢያን የተሰጠ ሥራ

1ኛ. የማሞ ወልዴ አማካይ ፍጥነት ሜክሲኮ ላይ ስንት ነበር? የሮሙ አበበና የሜክሲኮው ማሞ በአንድ ጊዜ ተነስተው ቢሆን፣ አበበ ሲጨርስ ማሞ ስንት ሜትር ይቀረው ነበር? ከፍታውን አስባችሁ ንጽጽሩ ፍትሐዊ ነው ወይ የሚለውንም በሁለት መስመር ጻፉ።

2ኛ. እያንዳንዳችሁ ከተወለዳችሁበት አገር አንድ የርቀት፣ የፍጥነትና የጊዜ ጥያቄ አምጡ። የገበያ መንገድ፣ የወንዝ መሻገሪያ፣ የእናት የውኃ ጉዞ፣ ያሻችሁን። ባቡር ግን እንዳይኖርበት!

መልሶቻችሁን በሚቀጥለው እትም እዚሁ ግድግዳ ላይ እናወጣለን። እስከዚያው በደህና ሰንብቱ።